ያልተጠየቀ ምራቂ፦ ሳናውቀው በኮምፒውተራችን ጓዳ የሚኖረው ሶፍትዌር ታሪክ

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ፣ በሆራ አርሰዲ ሐይቅ ዳር የተሰበሰበው የኢሬቻ በዓል በሐዘን ተቋጨ። አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፣ ሕዝቡ ተገፋፋ፣ ብዙዎች ገደል ውስጥ ወድቀውና ተረጋግጠው ሞቱ። መንግሥት የሟቾቹ ቁጥር ከ50 በላይ መሆኑን ሲገልጽ፣ ተቃዋሚዎች ከዚያ እጅግ ይበልጣል አሉ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ መስከረም 24፣ በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ለነበረው የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ዳይሬክተር ጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሰው። ኢሜይሉ ወደ ቪዲዮ የሚወስድ የሚመስል ሊንክ ይዟል። ሊንኩን የሚከፍት ሰው ቪዲዮውን ለማየት በመጀመሪያ የፍላሽ ማጫወቻውን እንዲያድስ ይጠየቃል። በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ ማንንም አያስደነግጥም፤ ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ሁሉ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያየው ነበር። ጃዋር ግን ጠረጠረ። ኢሜይሉን በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ሲቲዝን ላብ ለተባለ የምርምር ማዕከል አስተላለፈው። ተመራማሪዎቹ ሲመረምሩት «ማደሻው» የስለላ ሶፍትዌር ሆኖ ተገኘ።

ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ ሲነገር የኖረው በፖለቲካነቱ ነው። ጃዋርን የሚወድ ይናደድበታል፣ የሚጠላው ትከሻውን ነቅንቆ ያልፈዋል። ነገር ግን ከፖለቲካው በስተጀርባ ሁላችንንም የሚመለከት ሌላ ታሪክ አለ። አንድ ሰላይ የሰው ኮምፒውተር ውስጥ ለመግባት በር መስበር ሳያስፈልገው፣ ባለቤቱ ራሱ በእጁ «እሺ» ብሎ እንዲከፍትለት ማድረግ እንዴት ቻለ? መልሱ የሚጀምረው ከኢሬቻ ብዙ ዓመት በፊት፣ ከስለላ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው የንግድ ዘዴ ነው።

◆ ምራቂው እንዴት ተጀመረ

ገበያ የሚያውቅ ሰው ምራቂን ያውቃል። ከመቂ የመጣ ቲማቲም ወይም ሽንኩርት የምትገዛ እናት ሚዛኑ ካለቀ በኋላ «መርቂልኝ እንጂ» ትላለች፤ ሻጯም ሁለት ሦስት ፍሬ ጣል ታደርግላታለች። ምራቂ የደንበኝነት ምልክት ነው። ገዢዋ ጠይቃ፣ በዓይኗ አይታ፣ በራሷ ዘንቢል ትቀበለዋለች።

የሶፍትዌሩ ዓለም ምራቂ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሳይጠየቅ ይጨመራል፣ እንዳይታይ ተደርጎ ይገባል፣ ከገባም በኋላ የሚጠቅመው ጨማሪውን ነው።

ኢንተርኔት በዓለም ላይ መስፋፋት ሲጀምር ብዙ ፕሮግራም ሠሪዎች አንድ ችግር ገጠማቸው። ሰዎች ፕሮግራሙን ይፈልጉታል፣ ገንዘብ ግን አይከፍሉበትም። መፍትሔው በነጻ መስጠትና ከጎኑ ሌላ ፕሮግራም ደርቦ መጫን ሆነ። የተደረበው ፕሮግራም ማስታወቂያ ያሳያል፣ ሰውዬው የሚጎበኛቸውን ድረ ገጾች ይመዘግባል፣ የብሮውዘሩን የመፈለጊያ ገጽ ይቀይራል። ባለቤቱም ለእያንዳንዱ አዲስ ኮምፒውተር ለአከፋፋዩ ጥቂት ሳንቲም ይከፍላል። ሳንቲሙ በሚሊዮን ሲባዛ ሀብት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሙዚቃ ለመለዋወጥ ያገለግል የነበረው ካዛ የተባለ ፕሮግራም በዚህ መንገድ ብዙ ማስታወቂያ ረጪዎችን ይዞ ሚሊዮኖች ቤት ገብቷል። ጌተር የሚባለው ከእነርሱ አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹም ተከተሉ። የጃቫ መጫኛ ለዓመታት «አስክ» የተባለውን ቶልባር ጨምሮ ያቀርብ ነበር፤ ሳጥኑ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት ስለሚመጣ፣ ሳያነብ «ኔክስት» ያለ ሁሉ ቶልባሩን ተቀብሏል ማለት ነው።

ነገሩ በሦስተኛ ወገን ፕሮግራሞች ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2005 ማርክ ሩሲኖቪች የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ሶኒ ቢኤምጂ በሚሸጣቸው የሙዚቃ ሲዲዎች ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተደብቆ የሚጫን ሶፍትዌር እንዳለ አጋለጠ። ዓላማው ሲዲው እንዳይባዛ መከላከል ነበር፤ አሠራሩ ግን ራሱን ከስርዓቱ የሚሰውር ስለነበር ሌሎች ቫይረሶችም እዚያው ሊደበቁበት የሚችሉ ሆነ። ኩባንያው ሲዲዎቹን ከገበያ ለመሰብሰብ ተገደደ፣ ፍርድ ቤትም ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ደግሞ ሌኖቮ ከፋብሪካ በሚወጡ አንዳንድ ላፕቶፖቹ ላይ ሱፐርፊሽ የተባለ ማስታወቂያ አስገቢ ጭኖ ይሸጥ እንደነበር ታወቀ። ሱፐርፊሽ ማስታወቂያውን ለማስገባት ሲል በባለቤቱና በባንኩ ድረ ገጽ መካከል ያለውን ምስጢራዊ ግንኙነት ሳይቀር ጣልቃ ይገባበት ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች ውስጥ አንዱንም ወንበዴ አልፈጸመውም። ሁሉም ስም ያላቸው፣ ግብር የሚከፍሉ ኩባንያዎች ናቸው። ለ20 ዓመት ያህል ይህ ንግድ ለዓለም ሕዝብ አንድ ትምህርት ሰጠ፦ መስኮት ብቅ ሲል አታንብብ፣ «ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ» ብለህ ሥራህን ቀጥል። ትምህርቱ ሰርጾ ገባ።

◆ አዳማ እና መንገዱ

ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ለ25 ዓመት ያህል አቅራቢው አንድ የመንግሥት ተቋም ብቻ ነበር፤ ሳፋሪኮም ሥራ የጀመረው በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ዓመታት ግንኙነቱ ቀርፋፋና ውድ ስለነበር ሶፍትዌር በሽቦ ሳይሆን በኪስ ይጓዝ ነበር። አንድ ሰው አዲስ አበባ ላይ ያወረደው ፕሮግራም በሲዲ ወይም በፍላሽ ተገልብጦ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ ይደርሳል፤ ከሞጆም ወደ ደቡብ ታጥፎ መቂን፣ ባቱን፣ ሻሸመኔን ያዳርሳል። ሚኒባሱ የሚሄድበት ሁሉ ፍላሹም ይሄዳል።

ፍላሹ ብቻውን አይሄድም። ከዚያ ዘመን ተጠቃሚ «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለውን የማያስታውስ የለም። ፍላሹን ኢንተርኔት ቤት ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክተህ ስትመለስ ፎልደሮችህ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው አዶዎች ሆነው ይጠብቁሃል። ማይክሮሶፍት ፍላሽ ሲሰካ ፕሮግራም በራሱ እንዲነሳ የሚያደርገውን አሠራር በቆዩት ዊንዶውሶች ላይ የሚገድብ ማስተካከያ ያሰራጨው እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ነው። ማስተካከያው ግን የሚደርሰው ኢንተርኔት ላለውና ዊንዶውሱን ለሚያድስ ሰው ነው። ብዙው ኮምፒውተር ሁለቱንም አልነበረውም።

ለምን አይታደስም? ምክንያቱ ስንፍና ብቻ አይደለም። ዊንዶውስን በሕጋዊ መንገድ ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ለተራው ነጋዴና ተማሪ ይህ ካርድ የሚታሰብ አልነበረም። ዋጋውም ከአንድ መምህር ደመወዝ ጋር የሚወዳደር ነው። ስለዚህ ከተማው በሙሉ «ክራክ» በተደረገ ዊንዶውስና ኦፊስ ሠራ። ክራክ የተደረገውን ያሳደሰ ሰው «ዊንዶውስህ ትክክለኛ አይደለም» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ እንዳይመጣበት ይፈራል። ጠጋኙም ገና ሲጭን ማደሻውን ዘግቶ ያስረክባል።

ክራኩ ራሱ ደግሞ ዋነኛው የምራቂ በር ነው። ዊንዶውስን ያለ ክፍያ የሚያስነሱት ትንንሽ ፕሮግራሞች ሲጫኑ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት የመጀመሪያ መመሪያ «አንቲቫይረስህን አጥፋ» የሚል ነው። ቤት ጠባቂውን አሰናብቶ እንግዳ እንደማስገባት ያለ ነገር ነው፤ የሚገርመው ግን ሰው ሁሉ መመሪያውን ይታዘዛል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ሬድ ካናሪ የተባለ የደኅንነት ኩባንያ ኬኤምኤስፒኮ በሚባለው ታዋቂ ማስነሻ ስም የሚሰራጩ የሐሰት መጫኛዎች ክሪፕትቦት የተባለ ሌባ ሶፍትዌር ይዘው እንደሚመጡ አሳወቀ። ክሪፕትቦት በብሮውዘር ውስጥ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችንና የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳዎችን ይሰርቃል። ተጠቃሚው የፈለገው ዊንዶውስ በትክክል ይነሳለታል፤ ስለዚህ ምንም አይጠረጥርም።

ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍና ማስታወቂያ ሲያጨናንቀው ባለቤቱ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል። ፍርዱ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። ጠጋኙ ሁሉን ነገር ደምስሶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ይጭናል፣ ባለቤቱም ከፍሎ ይወስዳል፣ ማሽኑም ለጥቂት ሳምንት እንደ ፈረስ ይጋልባል። ከዚያ ያው በሽታ ይመለሳል። ብዙ ሰው «ኮምፒውተሩ አርጅቷል» ብሎ ይደመድማል። ጠጋኙ ግን ሲጭን የተጠቀመው ያንኑ ፍላሽ፣ ያንኑ ክራክ፣ ያንኑ የፕሮግራሞች ጥቅል ነው። በሽታውና መድኃኒቱ የተቀመጡት አንድ ጠርሙስ ውስጥ ነው።

◆ በዚያው በር ሌላ እንግዳ

ንግዱ ያስለመደንን ልማድ የስለላው ገበያ ሳያስተውለው አልቀረም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2013 ሲቲዝን ላብ ፊንስፓይ ስለተባለው የስለላ ሶፍትዌር ሥርጭት ባወጣው ሪፖርት ውስጥ ኢትዮጵያ ተጠቀሰች። ማጥመጃው የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ የያዘ ፋይል ነበር። ፋይሉን ፎቶ ነው ብሎ የከፈተ ሰው ፎቶውን ያያል፤ ከጀርባ ግን ሶፍትዌሩ ተጭኖ በኢትዮ ቴሌኮም አድራሻ ከሚገኝ ሰርቨር ጋር መነጋገር ይጀምራል።

በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ተወላጅ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ጠበቃ ሆኖ ቆመለት። በክሱ እንደተገለጸው ፊንስፓይ ከኢሜይል ጋር ተያይዞ በመጣ የወርድ ሰነድ ውስጥ ተደብቆ ገባ፤ ለወራትም የስካይፒ ጥሪዎችን ቀዳ። የቤተሰቡንም አጠቃቀም አልማረም፤ ልጁ ለትምህርት ቤት የቤት ሥራ ያደረገው ፍለጋ ሳይቀር ተመዝግቧል። ስለላው የቆመው ያ የሲቲዝን ላብ ሪፖርት በወጣ በቀናት ውስጥ ነው፤ ዱካው ግን ኮምፒውተሩ ላይ ቀርቶ ለክሱ ማስረጃ ሆነ። ኪዳኔ ኮምፒውተሩን ወዲያው ፎርማት አድርጎት ቢሆን ኖሮ የሚከስበት ነገር ባልኖረ ነበር።

ፍርዱ ግን አላስደሰተውም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክሱን ውድቅ ያደረገው ድርጊቱ አልተፈጸመም ብሎ አይደለም። የአሜሪካ ሕግ የውጭ መንግሥትን ለመክሰስ የሚፈቅደው ጥፋቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ሲፈጸም ነው፤ ይህ ግን ከውጭ ተጠንስሶ ከውጭ የተላከ ነው አለ። ተጎጂው ሳሎኑ ተቀምጦ፣ ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ፣ ሕጉ ግን «ጥፋቱ እዚህ አልተጀመረም» አለው።

በዚያው ጊዜ የኢሳት ጋዜጠኞችም ተራ ደረሳቸው። ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሰነድ የሚመስሉ ፋይሎች ተላኩላቸው። ሲቲዝን ላብ ፋይሎቹ ሀኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሚሸጠው ስለላ እንደሆኑ ገለጸ። በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ መንግሥት እንዲህ ያለ ሶፍትዌር አልተጠቀመም፣ የሚጠቀምበትም ምክንያት የለም ሲል አስተባበለ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ግን ሀኪንግ ቲም ራሱ ተጠልፎ 400 ጊጋባይት ሰነዱ አደባባይ ወጣ፤ ከደንበኞቹም መካከል የኢትዮጵያ የመረጃ መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ስም ተገኘ። ሰላዩን ሻጭ ሌባ ሰረቀው።

ከዚህ በኋላ ነው የቢሾፍቱው ሰሞን ኢሜይል የመጣው። ሲቲዝን ላብ ሙሉ ሪፖርቱን ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲያወጣ ሶፍትዌሩ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ምርት መሆኑን ገለጸ። ሳይበርቢት በወቅቱ የኤልቢት ሲስተምስ ንብረት ነበር። ከጃዋርና ከሚዲያው ሌላ አንድ የዶክትሬት ተማሪ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ፣ በመጨረሻም ከራሱ ከሪፖርቱ ጸሐፊዎች አንዱ የዚሁ ማጥመጃ ዒላማ ሆነዋል።

ሁለት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል።

አንደኛው የሶፍትዌሩ አሠራር ነው። ውድ የስለላ መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ ማንም የማያውቀውን የስርዓት ቀዳዳ ፈልገው ይገባሉ፤ ቀዳዳው በራሱ በገበያ ላይ እጅግ ውድ ነው። ይሄኛው ቀዳዳ አያስፈልገውም። የአዶቢ ፍላሽ ማደሻ ወይም የፒዲኤፍ ማንበቢያ ተጨማሪ ነኝ ብሎ ይመጣል፣ ባለቤቱ «እሺ» ይላል፣ ይገባል። ቪዲዮውን ያዘለው ድረ ገጽም ኢስት አፍሮ የተባለ የታወቀ የኤርትራውያን የቪዲዮ ገጽ አስመስሎ የተሠራ ነበር፤ እውነተኛው በዶት ኮም ሲያልቅ የሐሰቱ በዶት ኔት ያልቃል። ከዚህ በላይ ጥበብ አላስፈለገም። ቶልባርና ማስታወቂያ ረጪ ሲያስገባ የኖረው «ኔክስት» ለዚህም በቃ።

ሁለተኛው የባለጉዳዮቹ ዝርክርክነት ነው። የስለላው ሰርቨር የሚመዘግበውን መዝገብ ለማንም ክፍት አድርገው ትተውታል። ተመራማሪዎቹ ከአንድ ዓመት በላይ መዝገቡን በዝምታ ሲያነቡ ከረሙ። ኦፕሬተሮቹ ከኢትዮጵያ ሲገናኙ አዩ፤ የተጠቁት ኮምፒውተሮች በ20 አገሮች ካሉ አድራሻዎች ሲገናኙ አዩ፤ ከእነዚህም ውስጥ የኤርትራ ኩባንያዎችና መሥሪያ ቤቶች ይገኙበታል። የሰው ጓዳ የሚያይ ሰው የራሱን ጓዳ አልዘጋም።

ኩባንያው የሰጠው መልስ እኔ ሻጭ እንጂ ተጠቃሚ አይደለሁም፣ የምሸጠውም ለመንግሥታት ብቻ ነው የሚል ይዘት ነበረው። ይህ መልስ ለሶፍትዌር ታሪክ አዲስ አይደለም። ቶልባር አስገቢዎቹም ሲጠየቁ «ተጠቃሚው ተስማምቷል» ይሉ ነበር። አንዱ ኃላፊነቱን ወደ ደንበኛው፣ ሌላው ወደ ተጎጂው ይገፋል።

እርግጥ ማስታወቂያ ረጪና ሰላይ አንድ አይደሉም። አንደኛው ሳንቲም ይለቅማል፣ ሌላኛው ሰው ሊያሳስር ይችላል። በሩ ግን አንድ ነው፤ ቁልፉም ሳያነቡ የሚሰጡት ፈቃድ ነው።

◆ ሕጉ ምን ይላል

የሚገርመው የጊዜው አጋጣሚ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የጸደቀው በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው፤ የጃዋር ኢሜይል ከመላኩ አራት ወር ያህል ቀድሞ ማለት ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ ወይም ከተሰጠ ፈቃድ ውጪ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ መግባትንና ግንኙነት መጥለፍን ወንጀል ያደርጋል። በወረቀት ላይ ሲነበብ የሐሰት ፍላሽ ላኪውን የሚያስቀጣ ሕግ ነው።

በተግባር ግን ሁለት ክፍተት አለ። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ላኪው ሕግ አስከባሪው ራሱ ነው ተብሎ ሲጠረጠር ማን ይከሳል? ሁለተኛው ረቂቅ ነው። ሕጉ የቆመው «ፈቃድ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ሳጥኑ አስቀድሞ ምልክት ተደርጎበት፣ ውሉ በማይገባ ቋንቋ 40 ገጽ ሆኖ፣ ተጠቃሚው «ኔክስት» ሲል ፈቅዷል ወይስ አልፈቀደም? ከንግድ ምራቂ ጋር የመጣው ጥያቄ ይህ ነው፤ በ2008 የወጣው አዋጅ አልመለሰውም።

ወደ መልሱ የቀረበው በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ይህ አዋጅ ፈቃድ ማለት በነጻነት፣ ምን እንደሆነ ታውቆ፣ ለተለየ ዓላማ የሚሰጥ መሆን እንዳለበት መነሻ አድርጎ ይይዛል፤ አስፈጻሚነቱንም ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል። ቃሉ ትልቅ ነው። ሥራ ላይ መዋሉ የሚለካው ግን የአዳማ ነጋዴ አቤት ሲል የሚሰማው ሰው በማግኘቱ ነው።

◆ ፎርማት የማያወጣው

ወሬው በኮምፒውተር ብቻ አልቆመም፤ ፍላሽን የተካው ስልክ ነውና። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ቴክኖ ደብሊው 2 በሚባለው ርካሽ ስልክ ላይ ትሪያዳ እና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች አስቀድመው ተጭነው እንደሚገኙ አሳወቀ። ፕሮግራሞቹ ባለቤቱ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ላይ ያስመዘግቡት ነበር። በብዛት ከታየባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ፣ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋና እና ደቡብ አፍሪካ ይገኛሉ። ኩባንያው ከመጋቢት 2019 ጀምሮ ከ200 ሺህ በላይ ስልኮች ላይ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይት መመዝገቡን ገለጸ። አምራቹ ትራንሽን ችግሩ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሌላ አካል የመጣ መሆኑንና ማስተካከያ መስጠቱን ተናገረ።

«ካርድ ሞላሁ፣ ሳልደውል አለቀ» የሚለውን አቤቱታ ያልሰማ የለም። ባለስልኩ ቴሌን ይረግማል፣ ልጁን ይቆጣል። ጥፋተኛው ከካርቶኑ ሳይወጣ በፊት ስልኩ ውስጥ የነበረ ፕሮግራም ሊሆን እንደሚችል ማን ያስባል? ኤክስሄልፐር በተለይ ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመለስ እንኳ ተመልሶ በመምጣቱ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው የአገራችን መድኃኒት ጨርሶ ይከሽፋል።

◆ ታዲያ እንዴት ይወጣል?

ተራው ምራቂ የሚወጣው በቀላሉ ነው። ዊንዶውስ የተጫኑ ፕሮግራሞችን ዝርዝር ያሳያል፤ ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን አስተካክሎ ያየ ሰው፣ የፈለገው ፕሮግራም በገባበት ቀን አብረው የገቡትን ወዲያው ይለያቸዋል። ማሽኑ ሲበራ አብረው የሚነሱት በታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» በሚለው ሥር ይታያሉ። የብሮውዘር ተጨማሪዎችም ለብቻቸው መታየት አለባቸው፤ ፕሮግራሙ ጠፍቶ ተጨማሪው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነውና። ዊንዶውስ 10ና 11 አብሯቸው የሚመጣ መከላከያ አላቸው፤ ለተራው ችግር ይበቃል፣ ካላጠፉት።

ከማስወጣት ግን አለማስገባት ይቀላል። ፕሮግራምን ከሠሪው ድረ ገጽ ማውረድ፤ ሲጭኑ «ኤክስፕረስ» የሚለውን ትቶ «ከስተም» የሚለውን መምረጥና ሳጥኖቹን ማየት፤ ቪዲዮ ወይም ሰነድ ለማሳየት አዲስ ፕሮግራም ጫን የሚል ገጽ ሲመጣ መዝጋት። አዶቢ ፍላሽን እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ጨርሶ ቀብሮታል፤ ከዚያ ወዲህ «ፍላሽህን አድስ» የሚል መልእክት ሁሉ ሐሰት ነው። ክራክ የግድ የሆነበት ሰውም አማራጭ አለው። ሊብረ ኦፊስ የኦፊስን ሥራ፣ ቪኤልሲ የቪዲዮን ሥራ በነጻና ያለ ምራቂ ይሠራሉ።

ጋዜጠኛ፣ ጠበቃ ወይም ፖለቲከኛ ከሆኑ ግን ነገሩ ይለያል። የተገዛ ሰላይ በፕሮግራሞች ዝርዝር ውስጥ ስሙን ጽፎ አይቀመጥም። የተጠራጠረ ሰው ከመደምሰሱ በፊት ኢሜይሉንም ማሽኑንም እንዳለ ይዞ ለሚያውቅ ባለሙያ ማሳየት አለበት። ከኪዳኔም ከጃዋርም ታሪክ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው፤ ነገሩ የታወቀው ማስረጃው ስላልተደመሰሰ ነው።

«እኔ ማን ነኝና ይሰልሉኛል?» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ልክ ነው፤ ፊንስፓይ የሚገዛለት ላይኖር ይችላል። ይሁን እንጂ ዛሬ አዳማ ላይ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የስንት ሰው መታወቂያ፣ የስንት ቤት ካርታ፣ የስንት ተማሪ ትራንስክሪፕት፣ የስንት ድርጅት ማኅተም ስካን ተደርጎ ተቀምጦበታል? የባለሱቁ የባንክ አፕስ በየትኛው ስልክ ላይ ነው ያለው? ክሪፕትቦትን የመሰለ ሌባ የፖለቲካ አቋም አይጠይቅም። የተከፈተ በር ይበቃዋል።

የጥገና ባለሙያዎችም ድርሻ አላቸው። በየከተማው ስንት ሺህ ማሽን በእነርሱ እጅ ያልፋል። ጠጋኙ አንድ ንጹሕ መጫኛ ከሠሪው ገጽ አውርዶ ቢይዝ፣ ማደሻውን ሳይዘጋ ቢያስረክብ፣ «ይህን ይህን ጭኜልሃለሁ» ብሎ በወረቀት ጽፎ ቢሰጥ፣ ከየትኛውም አዋጅ በፊት የከተማውን ግማሽ በሽታ ይፈውሳል። ደንበኛውም ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ሽንኩርት ሲገዛ የሚዛኑን ልክ የሚከታተል ሕዝብ ነው፤ ኮምፒውተሩን ሲረከብም «ምን ጨመርክበት?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።